ፊት የማን ነው?

ባለፈው ዓመት አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ጥፋቱ ትንሽ ነው፤ ሕግ አይጠይቀኝም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ካሜራ ባነሣሁ ቁጥር ትዝ እያለኝ ስላስቸገረኝ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ለእናንተ ተናግሬ ብገላገል ይሻላል ብያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተማሪዎች ያነሷቸውን ፎቶግራፎች በትምህርት ክፍላችን ኮሪደር ላይ ልንሰቅል ተስማማን። እኔም አንድ የዶርም ጓደኛዬን ያነሣሁትን ሰቀልኩ፤ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ፣ የማታ ፀሐይ ግማሽ ፊቱ ላይ አርፋ፣ ሐሳብ ይዞት ሄዶ ሳለ ያነሣሁት ነው። አልጠየቅሁትም። ምኑ ይጠየቃል? ፎቶው አምሯል፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ቆም እያለ አድንቆታል። ማታ ግን ጓደኛዬ ፎቶውን ከግድግዳው ነቅሎ መጣና አልጋዬ ላይ አስቀመጠው። አልተቆጣም። «ፊቴን መልስልኝ» አለኝ። በቃ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። ካሜራዬን ከፍቼ፣ ዐይኑ እያየ፣ ምስሉን ደመሰስኩት። ምክንያቱን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

«ፊቴን መልስልኝ» የምትለዋ አነጋገር ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ለመሆኑ የሰው ፊት የማን ነው? የባለቤቱ ነው እንዳንል፣ ባለቤቱ ያለ መስተዋት አያየውም፤ ዕድሜ ልኩን የሚያየው ሌላው ሰው ነው። የተመልካቹ ነው እንዳንል ደግሞ፣ ተመልካቹ ሲፈርድበት ቅጣቱን የሚቀበለው ባለቤቱ ነው። ይህን እያወጣሁና እያወረድኩ የፎቶግራፍ መጻሕፍት ሳገላብጥ፣ ጥያቄው ከሁሉ ይልቅ የከረረበትን ቦታ አገኘሁት፤ በተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ሕይወት ላይ የተሠሩ ፎቶግራፎች ዘንድ። ለእነዚህ ሰዎች ፊትን ማሳየትና አለማሳየት የውበት ጉዳይ አይደለም። የእንጀራ፣ የቤተሰብ፣ አንዳንዴም የነፍስ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ነገሬን በእነሱ በኩል ላስኬደው።

አስቀድሜ ሁለት ነገር ላስታውቅ። አንደኛ፣ የምጠቅሳቸው ዓመታት የእኛ መሆናቸውን ካልተናገርኩ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሁለተኛ፣ እነዚህን ሰዎች የምንጠራበት የተለመደ የአማርኛ ቃል እንዳለን አውቃለሁ፤ እሳት ከወረደባት ከተማ ስም የወጣ ቃል ነው። ያ ቃል ግን ሰውየውን ገና ሳታየው ፍርዱን ይነግርሃል። ስለ ማየት በሚናገር ጽሑፍ ውስጥ፣ ከማየት አስቀድሞ የሚፈርድ ቃል ቦታ የለውም ብዬ ትቼዋለሁ።

እንግዲህ ከዴልሂ ልጀምር። ሱኒል ጉፕታ የሚባሉ ፎቶግራፍ አንሺ በ1953 ኒው ዴልሂ ተወለዱ፤ በ1969 ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ካናዳ፣ ሞንትሪያል ሄዱ። በ1976 ኒው ዮርክ ሆነው ክሪስቶፈር ስትሪት የሚባለውን መንገድ አነሱ። ይህ መንገድ በ1969 ፖሊስ የስቶንዎልን መጠጥ ቤት በወረረ ጊዜ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች «እምቢ» ብለው የተነሡበት ነው። በጉፕታ ፎቶዎች ውስጥ ወንዶቹ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ ይሥቃሉ፣ አንዳንዱም ካሜራውን ትክ ብሎ ያየዋል። እንደ ማንኛውም መንገደኛ ናቸው።

ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1986 እና በ1987፣ ጉፕታ ወደ ተወለዱባት ከተማ ተመልሰው ሌላ ሥራ ሠሩ፤ ስሙን «ግዞተኞች» አሉት። እንግሊዞች በ1860 ያወጡት የሕንድ ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 377 ያን ጊዜ እንደ ጸና ነበር፤ ቅጣቱ እስከ ዕድሜ ልክ እስራት ይደርስ ነበር። ስለዚህ ጉፕታ እንደ ክሪስቶፈር ስትሪቱ መንገደኛውን እያዩ ማንሣት አልቻሉም። ፈቃደኛ ሰዎች ፈልገው፣ ከእነሱ ጋር ተመካክረው፣ ቦታውንና አቋቋሙን አዘጋጅተው አነሱ። ቦታዎቹ ሁሉም የሚያውቃቸው ናቸው፤ የሕንድ በር የሚባለው ሐውልት፣ የንጉሥ ሁማዩን መቃብር፣ የከተማው መናፈሻ። በብዙዎቹ ምስሎች ውስጥ ግን የሰዎቹ ማንነት እንዳይለይ ሆኗል። ከምስሉ ጋር ከሰዎቹ አንደበት የተወሰደ አጭር ቃል ይነበባል።

ይህን መጽሐፍ ሳሳየው አንዱ የዶርማችን ልጅ፣ «እንዴ! ፊት የሌለው ፎቶ ምን ፎቶ ነው? መታወቂያ እንኳ አያወጣ!» ብሎ ሣቀ። ሣቁ ግን ቁም ነገር አለው። ሁላችንም የምናውቀው አንድ ዓይነት ፎቶ አለ፤ ጉርድ ፎቶ። ለምዝገባ ሁለት፣ ለፈተና አንድ፣ ለመታወቂያ ሁለት። ጆሮ ይታይ፣ ሣቅ ይቅር፣ ወደ ፊት ተመልከት። የፓሪስ ፖሊስ ባልደረባ የነበረው አልፎንስ በርቲዮን በ1880ዎቹ የተያዙ ሰዎችን ከፊትና ከጎን እያነሣ መዝገብ ካስያዘ ወዲህ፣ ፊት የመንግሥት ማኅተም ሆኗል። እንግዲህ በዚያ ዘመን ዴልሂ ውስጥ ለአንድ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ፊቱን ለካሜራ መስጠት ማለት፣ በገዛ እጁ ለመዝገብ ጉርድ ፎቶ ማቅረብ ማለት ነበር። በጉፕታ ምስል ውስጥ ሐውልቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ሰማዩም ሣሩም ይታያል። የከተማው ልጅ ብቻ አይታይም። «ግዞተኞች» የሚለው ስም ያኔ ይገባሃል። ሰዎቹ ከአገራቸው አልወጡም፤ በተወለዱበት ከተማ ቆመው ፊታቸውን ማዞር ስላልቻሉ ነው ግዞተኛ የተባሉት።

አሁን ወደ ደቡብ አፍሪካ ልሻገር፤ እዚያ ነገሩ ተገላብጦ ይገኛልና። ዛኔሌ ሙሆሊ በ1972 ደርባን አጠገብ ኡምላዚ በሚባል የጥቁሮች መንደር ተወለዱ። እናታቸው በነጮች ቤት ሠራተኛ ሆነው ያሳደጓቸው ናቸው። ሙሆሊ ራሳቸውን ወንድም ሴትም ብለው አይጠሩም፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍም በብዙ ቁጥር ተውላጠ ስም እንዲጠሩ ይፈልጋሉ። ለእንግሊዝኛ ይህ ብዙ ክርክር ያስነሣ ነገር ነው። ለአማርኛ ግን ምንም አልቸገረውም፤ አንቱታችን ወንድና ሴት አይለይም። «እሳቸው» ስል ጾታውን ሳልነካ አክብሮቱን ብቻ ሰጠሁ። ሰውን አክብሮ ለመጥራት ሁሉን ነገሩን ማወቅ እንደማያስፈልግ ቋንቋችን ከእኛ ቀድሞ ሳያውቀው አልቀረም።

ሙሆሊ በ2006 የጀመሩት ሥራ በእንግሊዝኛ ስሙ «ፌስስ ኤንድ ፌዝስ» ይባላል፤ ፊቶችና ምዕራፎች እንደ ማለት ነው። የጥቁር ሴት አፍቃሪ ሴቶችን፣ እንዲሁም ጾታቸውን የለወጡ ሰዎችን ፊት በጥቁርና ነጭ ያነሡበት ነው። በ2014 በወጣው መጽሐፍ ውስጥ ከ250 በላይ ምስሎች አሉ፤ ሥራውም ከዚያ በኋላ ቀጥሏል። በእያንዳንዱ ምስል ሥር ስም፣ ቦታና ዓመት ተጽፏል። ሁሉም ለማለት ይቻላል ትክ ብለው ያዩሃል። አያባብሉህም፣ አይለምኑህም። ሙሆሊም ሰዎቹን «ተነሺዎች» አይሏቸውም፤ «ተሳታፊዎች» ነው የሚሏቸው። ከመጀመሪያዎቹ ተሳታፊዎች አንዷ፣ ገጣሚ የነበረች ወጣት፣ ሥራው በተጀመረ በዓመቱ ዐርፋለች። ምስሎቹ በግድግዳ ላይ ሲሰቀሉ መካከል መካከል ላይ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ለሞቱትና ገና ላልመጡት።

ያንን ባዶ ቦታ ሳነብ የእኛ ለቅሶ ነው የታወሰኝ። የሟች ፎቶ በፍሬም ተይዞ ከፍ ሲል፣ አልቃሾች ፊቱን እያዩ ስሙን ሲጠሩ። ፎቶው የሚወጣው «ይህ ሰው የእኛ ነበር» ለማለት ነው። ሙሆሊም የሚሉት ይህንኑ ይመስለኛል፤ ልዩነቱ ሰዎቹ ሳይሞቱ በቁማቸው «የእኛ ናቸው» ማለታቸው ነው።

«ታዲያ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ምን ፍርሃት አለ? ሕጉ ፈቅዶላቸዋል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። የ1996ቱ የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት በፍቅር ዝንባሌ ምክንያት ሰውን ማግለልን በግልጽ ከልክሏል፤ በ2006 ደግሞ ጋብቻው በሕግ ተፈቀደ፤ በአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። ሆኖም በ2008 የብሔራዊ ቡድን እግር ኳስ ተጫዋች የነበረችው ዩዲ ሲሜላኔ፣ ሴት አፍቃሪነቷን ያልደበቀች፣ ክዋቴማ በሚባለው መንደሯ ተደፍራ ተገደለች። በ2009 የባህል ሚኒስትሯ የሙሆሊ ሥራዎች ያሉበትን ኤግዚቢሽን ሊከፍቱ መጥተው ምስሎቹን ሲያዩ ትተው ወጡ፤ ኋላም ሥራው ከሥነ ምግባርና ከአገር ግንባታ ጋር እንደሚቃረን ተናገሩ። በ2012 ኬፕ ታውን ያለው የሙሆሊ ቤት ተሰብሮ የብዙ ዓመት ምስል የተቀመጠባቸው ከ20 በላይ የኮምፒዩተር ማኅደሮች ተወሰዱ። ሕግ በር ይከፍታል፤ «ግቡ፣ ተቀመጡ» የሚለው ግን የቤቱ ሰው ነው።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው መደምደሚያውን ያወቀው ይመስለው ይሆናል፤ ፊትን መደበቅ ፍርሃት ነው፣ ማሳየት ጀግንነት ነው፣ ስለዚህ ሁሉም ፊቱን ያሳይ። እኛ ተማሪዎች ጀግንነት እንወዳለን፤ በተለይ ሌላ ሰው የሚከፍልበትን። እኔም ለጥቂት ሳምንታት እንዲሁ አስቤ ነበር። ያስቆመኝ ካምፓላ ነው።

በጥቅምት 2010 አንድ የኡጋንዳ ጋዜጣ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ናቸው ያላቸውን ሰዎች ፎቶግራፍና ስም አወጣ፤ «ይሰቀሉ» የሚል ቃል ጨምሮ። የጋዜጣው ስም ሮሊንግ ስቶን ነው፤ ከአሜሪካው መጽሔት ጋር ግንኙነት የለውም። ፎቶው ከወጣባቸው አንዱ ዴቪድ ካቶ ነበሩ፤ ለመብታቸው በግልጽ የሚከራከሩ መምህር። ካቶና ጓደኞቻቸው ጋዜጣውን ከሰው በጥር 2011 ረቱ። በዚያው ወር መጨረሻ ካቶ በገዛ ቤታቸው በመዶሻ ተመትተው ሞቱ። ፖሊስ ግድያው ከትግላቸው ጋር አይገናኝም አለ፤ ጓደኞቻቸው ይህን አልተቀበሉም። እሱን ለጊዜው እንተወውና ፎቶግራፉን ብቻ እንመልከት። የጋዜጣውም ምስል ፊት ነው፤ የሙሆሊም ምስል ፊት ነው። በሁለቱም ሥር ስም አለ። በዐይን ብቻ ያየን እንደሆነ ልዩነታቸው አይገኝም። ልዩነቱ ፊቱን ማን ሰጠው፣ ለማንስ ተሰጠ በሚለው ላይ ነው። አንዱ የተሰጠ ነው፣ ሌላው የተሰረቀ። እኔ ኮሪደር ላይ የሰቀልኩት ፎቶ፣ ምንም እንኳ በክፋት ባይሆንም፣ ከየትኛው ወገን እንደሚቆጠር ሳስበው አፈርኩ።

ሌላም ነገር አለ። ሕግ ይለወጣል፤ ፎቶግራፍ ግን አንዴ ከወጣ አይመለስም። ጉፕታ ከ2007 ጀምሮ ዴልሂ ውስጥ ሌላ ሥራ ሠርተዋል፤ «የሚስተር ማልሆትራ ግብዣ» ይባላል። ስሙ የመጣው፣ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች በየመጠጥ ቤቱ ሲሰበሰቡ ከሕጉ ለመሸሽ በሌለ ሰው ስም «የእገሌ የግል ግብዣ» የሚል ማስታወቂያ በር ላይ ይለጠፍ ስለ ነበር ነው። በዚህ ሥራ ሰዎቹ መንገድ ላይ ቆመው፣ በስማቸው፣ ፊታቸውን ወደ ካሜራው አዙረዋል። ከግዞተኞቹ 20 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በ2009 የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አንቀጽ 377 በፈቃዳቸው በሚገናኙ አዋቂዎች ላይ እንዳይሠራ ፈረደ፤ ደስታም ሆነ። በታኅሣሥ 2013 ግን የበላዩ ፍርድ ቤት ያንን ፍርድ ሽሮ ሕጉን መለሰው። እስከ መስከረም 2018፣ ማለትም ያው የበላይ ፍርድ ቤት የራሱን ፍርድ እስኪሽር ድረስ፣ ለአምስት ዓመት ያህል ፊቱን አምኖ የሰጠ ሰው ሁሉ እንደገና በሕግ ፊት ወንጀለኛ ነበር። ፊቱ ግን ወጥቷል። «ፊት የተናገረን ሰው ይጠላዋል፣ ፊት የበቀለን ወፍ ይበላዋል» የሚሉት አባቶች ይህን ዓይነቱን ነገር አይተው ይሆናል። እንግዲህ ለምን ተደበቅህ ብሎ የሚወቅስ ሰው፣ ወፉ ሲመጣ አብሮ ሊቆም ቃል መግባት አለበት።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ ወዳጄ ያነሣብኝ ክርክር አለ፤ ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። «አየህ፣» አለኝ፣ «እኛ ዘንድ ገበና የሚባል ነገር አለ። የሰው ገበና አይገለጥም። ይህ ጭካኔ አይደለም፤ ርኅራኄ ነው። እነሱም የራሳቸውን ይሸፍኑ፣ እኛም አንጠይቃቸው፤ በሰላም እንኑር። ፎቶግራፍ ምን ያደርጋል?»

ይህን ክርክር በቀላሉ ልጥለው አልችልም። ገበናን መሸፈን ትልቅ ምግባር ነው፤ ያደግንበት ነው። ጎረቤት ያጣ እንደ ሆነ እንዳያፍር በጨለማ እህል የምትልክ እናት ገበና ትሸፍናለች። ነገር ግን እንጠይቅ፤ መሸፈኑ ለማን ሲባል ነው? እናቲቱ የምትሸፍነው ለተሸፈነው ሰው ስትል ነው፤ እንዳይጎዳ። ወዳጄ የሚለው ሽፋን ግን ለተመልካቹ ሲባል ነው፤ እንዳይከፋው፣ እንዳያስብ፣ እንዳይረበሽ። የመጀመሪያው ነጠላ ነው፤ ብርድ የመጣ እንደሆነ ባለቤቱ ይለብሰዋል፣ ሲሞቀው ያወልቀዋል። ሁለተኛው የጉድጓድ ክዳን ነው፤ ከላይ ያለው ሰው ነው የሚዘጋው። ከዚያም በኋላ «እኛ ዘንድ እኮ እንዲህ ያለ ሰው የለም» እንላለን። ክዳኑን የዘጋነው እኛ፣ «ማንም የለም» የምንለውም እኛ።

በአማርኛ «ፊት ነሣኝ» እንላለን። አልሰደበኝም፣ አልመታኝም፤ ፊቱን ብቻ አዞረብኝ። ይህ ከስድብ የበለጠ እንደሚያም ሁላችንም እናውቃለን። ሚኒስትሯ ከኤግዚቢሽኑ ሲወጡ ያደረጉት ይህን ነው። የሙሆሊ ምስሎች ጥያቄም ከዚህ አያልፍም። እምነትህን ለውጥ አይሉህም፤ ውደደን እንኳ አይሉህም። እኔ ፊቴን ሰጥቼሃለሁ፣ አንተ ፊትህን ትነሣኛለህ ወይ? ይኸው ነው።

«ከውጭ የመጣ ነገር ነው» ለሚለው ብዙ ቦታ አልሰጥም። ሮቲሚ ፋኒ ካዮዴ የሚባሉ ናይጄሪያዊ በ1955 ሌጎስ ተወልደው፣ ከ1966ቱ የወታደር ግልበጣ በኋላ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ እንግሊዝ ተሰድደው፣ በ1989 ለንደን ውስጥ በ34 ዓመታቸው ሞተዋል። ወንድ አፍቃሪ ነበሩ። በፎቶግራፎቻቸው ውስጥ የአባቶቻቸውን የዮሩባን ጭምብልና የእምነት ሥርዓት ይዘው ገቡ። ጭምብልን እኛ የመደበቂያ ዕቃ አድርገን እናስበዋለን፤ በዮሩባ ክብረ በዓል ግን ጭምብል ያጠለቀው ሰው በተራ ቀን የማይታየውን የሚገልጥ ነው። እኚህ ሰው የአገራቸውን ነገር ጥለው ሳይሆን ተሸክመው ነው የሄዱት። በሁለት ወገን ባዕድ የሆነ ሰው ለራሱ ቤት ሲሠራ ድንጋዩን ከአባቱ ግቢ አመጣ። ታዲያ ከውጭ የመጣው የትኛው ነው? የሕንዱን አንቀጽ 377 እንኳ የጻፉት እንግሊዞች ናቸው።

ስለ አገራችን ብዙ አልናገርም። የ1949 ዓ.ም. ወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ይህን ወንጀል ያደርገው ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 እንደዚያው ያደርገዋል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ የምጠይቀው ከዚህ ያነሰ ነገር ነው፤ ወደየቤታችን ሳሎን ተመልሰን ግድግዳውን እንድናይ። የአጎት የወታደር ልብስ ፎቶ አለ፤ የእኅት የምረቃ ካባ፤ የሠርግ፤ የአያት ከነጠላቸው። የቤተሰብ አባል ማለት ያ ግድግዳ ላይ ቦታ ያለው ሰው ነው። ከመካከላችን፣ «ሙሉ ሰውነቴን ቢያውቁ ኖሮ ያንን ፎቶዬን ያወርዱት ነበር» እያለ ሰላምታ የሚሰጠን ሰው ይኖር ይሆን? እንደዚህ ያለው ሰው ፎቶው ተሰቅሏል፤ እሱ ግን አልተሰቀለም። የዴልሂው ሰው ፊቱ ሳይታይ ግዞተኛ ሆነ፤ ይኸኛው ፊቱ እየታየ ግዞተኛ ነው።

ነገሬን ልቋጭ። ፊት የባለቤቱ ነው ብያለሁ። ስለዚህ ማንም ሰው ለእኛ ዕውቀት፣ ለእኛ ትግል፣ ለእኛ ያማረ ፎቶ ሲል ፊቱን የማሳየት ግዴታ የለበትም። የመታየት ግዴታ በሌለበት ግን የማየት ግዴታ አለ። አንድ ሰው አምኖ ፊቱን በሰጠን ቀን እንዳንነሣው፣ ላለመስጠት በመረጠ ቀን እንዳንሰርቀው። ግዴታው ሁሉ የወደቀው በፊቱ ባለቤት ላይ ሳይሆን በእኛ በተመልካቾቹ ላይ ነው። ስለ ጉዳዩ እንድትስማሙ አልጠበቅሁም፤ በዚህች ብቻ ብትስማሙ ይበቃኛል።

ጓደኛዬ ዛሬም ዶርማችን ውስጥ ነው። ምክንያቱን እስከ አሁን አላውቅም፤ ከጻፍኩት ነገር ጋር ይገናኝ አይገናኝ አላውቅም፣ ማወቅም የእኔ ድርሻ አይደለም። ዕዳ ይኖርበት ይሆናል፣ ሐዘን ይኖርበት ይሆናል፣ ወይም ደግሞ ፊቱን ስለማይወደው ብቻ ይሆናል። ይህን ጽሑፍ ከማስረከቤ በፊት ለእሱ አስነብቤዋለሁ፤ ስለ እሱ የተጻፈውን ልሰርዘው እንደምችልም ነገርኩት። አንብቦ ዝም አለ። ኋላ፣ «ይውጣ፤ ፊቴ የለበትም» አለኝ። ከዚያም መስኮቱ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ። ፀሐይዋ እንደዚያን ዕለት ገብታ ነበር። ካሜራው አልጋዬ ላይ ነው፤ አላነሣሁትም።